የሊኑክስ ስክሪን ደርቆ ሲቀር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እዚህ አዳማ ውስጥ ኮምፒውተር ስጠግን እንደታዘብኩት፣ የግራፊክስ ድራይቨር (ግራፊክስ ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) ችግር ያለበት የሊኑክስ ኮምፒውተር ወደ እኔ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ፎርማት ከተደረገ በኋላ ነው። ይህ ከልብ ያሳዝነኛል፤ የችግሩን መነሻ የሚናገረው መዝገብ አብሮ ይጠፋል፣ ስክሪኑ ግን ከጥቂት ቀናት በኋላ ተመልሶ ይደርቃል።

የመጀመሪያው ስህተት ስክሪኑ እንደደረቀ የማጥፊያውን ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ነው። ምስሉ ቆመ ማለት ኮምፒውተሩ ሞተ ማለት አይደለም፤ ግራፊክስ ካርዱ ምላሽ መስጠት ቢያቆምም ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም፣ ብዙ ጊዜ ሥራውን ይቀጥላል። የተከፈተ ሙዚቃ መሰማቱን ከቀጠለ ከርነሉ ሕያው ነው። ኮንትሮል፣ ኦልት እና ኤፍ 3ን አንድ ላይ ተጭነው ትእዛዝ በጽሑፍ ወደሚሰጥበት ስክሪን፣ ወደ ተርሚናል፣ ለመሻገር ይሞክሩ። ከሌላ መሣሪያ ወደ ኮምፒውተሩ ለመግባት የሚያስችለውን ኤስኤስኤች ሰርቨር አስቀድመው ጭነው ከሆነ ደግሞ በዚያው ዋይፋይ ላይ ካለ ስልክ ገብተው የከርነሉን መልእክት በቀጥታ ማንበብ ይችላሉ። ይህ ሁሉ ካልሠራ፣ ኦልትንና የፕሪንት ስክሪንን ቁልፍ እንደያዙ ኤስ፣ ዩ እና ቢን ሰከንድ ሁለት ሰከንድ እያሳለፉ በተራ ይጫኑ፤ በዚህም ያልተጻፈው ዳታ ወደ ዲስክ ይጻፋል፣ ዲስኩ ለንባብ ብቻ ይሆናል፣ ከዚያም ኮምፒውተሩ እንደገና ይነሳል። ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ስርጭት እነዚህን ሦስቱን ከመነሻው ይፈቅዳል።

ሁለተኛው ስህተት መዝገቡን ሳያነቡ ድራይቨር መቀየር ነው። ኮምፒውተሩ እንደገና ከተነሳ በኋላ መዝገቡን የሚያሳየውን ትእዛዝ፣ ጆርናልሲቲኤልን፣ በተርሚናል ላይ ሰረዝ ኬ እና ሰረዝ ቢ ሰረዝ 1 ጨምረው ቢያዝዙት፣ መዝገቡ በዲስክ ላይ የሚቀመጥ እስከሆነ ድረስ፣ ባለፈው ጊዜ ከርነሉ የጻፈውን ያሳይዎታል። የኢንቪዲያ ድራይቨር «ኤክስአይዲ» ብሎ የስህተት ቁጥር ይሰጣል፤ የኢንቴል «ጂፒዩ ሃንግ»፣ የኤኤምዲ ደግሞ «ሪንግ ታይምአውት» የሚሉ ቃላትን ይጽፋል። የስክሪኑን ፎቶ አንስተው ያስቀምጡት፤ በኋላ ማነጻጸሪያ ይሆንዎታል።

ሦስተኛው፣ ድራይቨሩን ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዶ፣ ከስርጭቱ ማከማቻ (የሊኑክስ ስርጭቱ ራሱ ፕሮግራሞችን ከሚያቀርብበት ቦታ) በተጫነው ላይ መደረብ ነው። ሁለቱ ፋይሎቻቸውን እርስ በርስ ይሽራሉ፤ ከርነሉ ሲታደስም የወረደው ድራይቨር ከአዲሱ ከርነል ጋር ሳይገጥም ቀርቶ ጥቁር ስክሪን ይጠብቅዎታል። በማከማቻው ያለውን ይጠቀሙ። ሴኪዩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የፕሮግራሞችን ዲጂታል ፊርማ የሚያጣራው መከላከያ) ከበራም ያልተፈረመ ሞጁል፣ ማለትም እንደ ድራይቨር ያለ የከርነል ተጨማሪ ክፍል፣ እንደማይነሳ ያስታውሱ።

«ኖሞድሴት» የሚለውን ትእዛዝ ሊኑክስን በሚያስነሳው ፕሮግራም፣ በግራብ፣ ላይ ለዘለቄታው መተውም ስህተት ነው። እርሱ ወደ ኮምፒውተሩ ለመግባት ብቻ የሚያገለግል ነው፤ ከርነሉ ስክሪኑን በራሱ ድራይቨር እንዳያስተዳድር ስለሚከለክል፣ እርሱን ይዞ የሚሠራ ሰው ብዙውን ጊዜ ግራፊክስ ካርዱን በሙሉ አቅሙ እየተጠቀመበት አይደለም።

በዚህ ከተማ ግን ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ጥፋቱን ሁሉ በድራይቨሩ ማላከክ ነው። አዳማ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት፤ ሙቀቱና ነፋሱ የሚያመጣው አቧራ፣ እንዲሁም የመብራት መዋዠቅ የግራፊክስ ካርድን ያደክማሉ። አንድ የፎቶ ቤት ባለቤት ድራይቨሩን ሦስት ጊዜ ደጋግመው ከጫኑ በኋላ ኮምፒውተራቸውን አመጡልኝ። መዝገቡ ላይ ያገኘሁት ኤክስአይዲ 79 ነበር፤ ይህም ድራይቨሩ ካርዱን ፈልጎ እንዳጣው ይናገራል፣ ሙቀትና የኃይል መቋረጥም ከተለመዱት መንስኤዎቹ መካከል ናቸው። ክዳኑን ስከፍት በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል የገባው አቧራ ተጠቅጥቆ ጨርቅ መስሏል። በብሩሽ ጠርጌ ሌላ ምንም ሳልነካ አስነሣሁት፤ ሙቀቱ ወረደ፣ ነገር ግን ትላልቅ ፎቶዎች ሲከፈቱ ስክሪኑ ዳግም ደረቀ፣ ቁጥሩም ያው 79 ነበር። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ብቀይር ኖሮ አቧራው ብቸኛው ጥፋተኛ አለመሆኑን ባላወቅሁ ነበር። ቀጥሎ ከፓወር ሰፕላዩ ወደ ካርዱ የሚሄደውን ገመድ ነቀልኩ፤ ከሶኬቱ ቀዳዳዎች አንዱ በሙቀት ቡናማ ሆኖ፣ ፕላስቲኩም ቀልጦ አገኘሁት። ፓወር ሰፕላዩን ከነገመዱ ስቀይር፣ በመዝገቡ ላይ ያ ቁጥር ዳግም አልታየም።