ስኳር ተትቶም የማይወርድ የደም ስኳር፦ የሆድ ስብና በውስጡ የሚሰበሰቡት የመከላከያ ሕዋሳት

ምልክቱ

በደሴ ወይም በኮምቦልቻ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ የሚውል፣ አጭሩንም መንገድ በባጃጅ የሚሄድ ሰው፣ ቦርጩ እየገፋ ከመጣ በኋላ ቡናውን ያለ ስኳር መጠጣት ቢጀምርም፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ሲለካ የደም ስኳሩ ከ100 እስከ 125 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሆኖ ይገኛል። በአንዳንዱ ላይ የማጅራቱ ቆዳ ይጠቁራል፣ ሲዳሰስም ወፈር ብሎ ከፋይ ይመስላል፤ ታጥቦ የማይለቀው ይህ ጥቁረት እድፍ ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ኢንሱሊን፣ ማለትም ስኳር ከደም ወደ ሕዋሳት እንዲገባ የሚያዝዘው ሆርሞን፣ በደም ውስጥ መብዛቱን የሚያመለክት ነው።

መንስኤው

በሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚጠራቀመው ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ትርፍ አይደለም። የስብ ሕዋሳት ከመጠን በላይ ሲያብጡ አንዳንዶቹ ይሞታሉ፤ የሞተውን ለማጽዳት ማክሮፌጅ የሚባሉ የመከላከያ ሕዋሳት መጥተው ዙሪያውን እንደ ቀለበት ይከቡታል፤ በቀጭን ሰው ስብ ውስጥ ብግነትን (የመከላከያ ሕዋሳት የሚያስነሡትን መቆጣት) የሚያበርዱት ሕዋሳት ደግሞ እየተመናመኑ ይሄዳሉ። ብግነትን የሚያቀጣጥለው ቲኤንኤፍ-አልፋ የተባለው ፕሮቲን በወፍራም አይጦች ስብ ውስጥ በብዛት እንደሚመረት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን፣ ዋነኛ ምንጩ ማክሮፌጆች መሆናቸው የተገለጠው በ2003 ነው።

ይህ ፕሮቲንና መሰሎቹ፣ ብቸኛ ምክንያት ባይሆኑም፣ የኢንሱሊንን ትእዛዝ ወደ ሕዋሱ ውስጥ የሚያስተላልፈውን ሰንሰለት ያውካሉ። ስለዚህ ጡንቻ ስኳርን እንደሚገባው አያስገባም፤ ጉበትም ሌሊት የሚለቀውን ስኳር አይቀንስም። ራት ሳይበላ ያደረ ሰው ጠዋት ስኳሩን ከፍ ብሎ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ቆሽት ኢንሱሊን እያበዛ ለማካካስ ይሞክራል፤ ሲዳከም ልኬቱ 126 ይደርሳል፣ በሌላ ቀን ተደግሞ ከተረጋገጠም የስኳር በሽታ ይባላል።

መፍትሔው

የብግነት ማስታገሻ ክኒን ገዝቶ መዋጥ መፍትሔ አይደለም፤ ቲኤንኤፍን የሚያግድ መድኃኒት የተሞከረባቸው ወፍራም የስኳር ሕሙማን እንኳ ለኢንሱሊን ያላቸው ምላሽ እንደታሰበው አልተሻሻለም። መቀነስ ያለበት ስቡ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት፣ ክብደታቸውን 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ የተነሡ ሰዎች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ሲቀንስ፣ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት የወሰዱት በ31 በመቶ ቀንሶላቸዋል። 90 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 7 በመቶው 6 ኪሎ ግድም ነው። ደሴ ዳገት አታጣምና ባጃጁን ትቶ በእግር መውጣት ጥሩ ጅምር ነው፤ የሚሠራ ጡንቻ ኢንሱሊንን ሳይጠብቅ ስኳር ስለሚያስገባ ጥቅሙ ክብደት ከመቀነሱም በፊት ይጀምራል።

በወሎ ረመዳንም ሁዳዴም ይጾማል። ጾሙ ስብን የሚቀንሰው ግን ማፍጠሪያው ላይ ሳምቡሳና ጣፋጭ ጭማቂ፣ ከቅዳሴ በኋላም የተደራረበ እንጀራ ካልተከተለው ነው። ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ክኒን ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ስለሚችል ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙን ያማክር።

ብርቱ ጥማት፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ማለትና ሳያስቡት መክሳት ከታዩ ግን፣ የእግር ጉዞውን ሳይጀምሩ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።