ለአርፒጂ ጨዋታ ድግምት እንዴት ይሠራል?

ባለፈው ክረምት ባሕር ዳር ላይ አራት ሆነን ራሳችን የፈጠርነውን አርፒጂ ልንሞክር ተቀመጥን። እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ፣ ዳይስ እየጣለ የሚጫወተውን ማለቴ ነው። አንዱ ጓደኛችን «መስተፋቅር» የሚባል ድግምት ነበረው። በር ጠባቂው ላይ ደገመበት፤ ወደደው። ሽፍታው ላይ ደገመበት፤ ወደደው። ንጉሡም ወደደው። ቡናው ቶና ሳይደርስ ጨዋታው አለቀ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ድግምቱን በነፃ ነበር የሰጠሁት።

ስለዚህ መጀመሪያ ዋጋውን አስቡ። ጎጃም ያደገ ሰው ለዚህ ሩቅ መሄድ የለበትም። አብሾ የጠጣ ተማሪ የሰማው ትምህርት አይጠፋበትም ይባላል፤ መጠጥ ከቀመሰ ግን ያብዳል። ኃይሉም ዕዳውም አብረው ነው የሚመጡት። (በእውን እንዳትሞክሩት ብቻ፤ አብሾ የሚሠራበት አስተናግር መርዝ ነው።)

ቀጥሎ መክፈያውን ምረጡ። በ1974 እ.ኤ.አ. በወጣው ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በተባለው አርፒጂ አስማተኛው ድግምቱን አስቀድሞ ያጠናል፤ አንዴ ከደገመው ከአእምሮው ይጠፋል። ብዙ የኮምፒውተር ጨዋታዎች ደግሞ ማና የሚባል፣ እየቀነሰ የሚሞላ ኃይል አላቸው። እኔ ሁለተኛው ይቀለኛል፤ ስሙን «ትንፋሽ» አልኩት። ለአንድ ሰው በቀን 10 ትንፋሽ፤ ሲያድር ይሞላል።

የድግምቱን ክብደት ከቅኔ ወሰድኩ። ጉባኤ ቃና 2 ቤት ነው፣ ዘአምላኪየ 3፣ መወድስ 8። ትንሹ ድግምት 2 ትንፋሽ ይበላል፣ መካከለኛው 3፣ ትልቁ 8። ትልቁን የደገመ ሰው ለዕለቱ የሚቀረው አንድ ትንሽ ድግምት ነው። ቁጥሩን ብቻ ነው የተዋስኩት። ስሙን ለአስማት ደረጃ ባደርገው የኔታ በከዘራ ነው የሚያባርሩኝ።

አሁን አንድ ድግምት ብቻ ይዛችሁ ጨርሱት። ሃያ ጀምሮ ከመተው ይሻላል። ምን እንደሚሠራ፣ ስንት እንደሚያስከፍል፣ ምን እንደሚያፈርሰው፣ ሲከሽፍ ምን እንደሚመጣ ጻፉ። የእኔን ዕፀ መሰውር እዩት። ቅጠሉን አፉ ውስጥ የያዘ ሰው አይታይም። 3 ትንፋሽ ይከፍላል። አፉን ከከፈተ አለቀ፤ በሳል የተያዘ ሌባ ነበረን። ለመሳካቱ ሁለት የሉዶ ዳይስ ይጣላል። ድምሩ 7 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሠራ፤ ይኼ ከ36 አጋጣሚ 21ዱ ነው። ከ3 እስከ 6 ከመጣ ትንፋሹ ባከነ። 2 ከመጣ ደግሞ፣ ከ36 አንዴ ማለት ነው፣ ሰውየው ይሰወራል፤ ልብሱ ግን አይሰወርም። ሰው ሁሉ ይህቺን 2 ነው የሚጠብቀው።

ለእያንዳንዱ ድግምት ማፍረሻ ይኑረው። ጤና አዳም ማሽተት ይሁን፣ ወንዝ መሻገር ይሁን፣ ቀላልና ተጫዋቹ ሊደርስበት የሚችል ነገር ይሁን።

ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ሞክሩት። በጣም ክፉ የሆነውን ጓደኛችሁን ጥሩ፤ ቀዳዳውን እሱ ያገኘዋል። እኛም መስተፋቅርን አስተካክለን ተመለስን። አሁን 8 ትንፋሽ ይበላል፣ የተደገመበት ሰው ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ ከደጋሚው አይለይም። ጓደኛችን እንደ ልማዱ ሽፍታው ላይ ደገመበት። ሊሰርቅ ገበያ ሲገባ ሽፍታው እጁን ይዞ፣ ስሙን እየጠራ ከኋላው።