በፍቺ ጊዜ ንብረት እንዴት ይከፈላል?

አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ነው፤ አብዛኞቹ ክልሎች የየራሳቸው አላቸው። የጋብቻ ውል ካለ መጀመሪያ እሱን ያውጡ። ከሌለ የግሉን ይለዩ፦ ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ ወይም ለአንዱ ብቻ በውርስ አሊያም በስጦታ የመጣ። ደመወዝም ሆነ ከግል ቤት የሚገኝ ኪራይ ግን የጋራ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ካርታው ወይም ሊብሬው ላይ ነው። በአንዱ ስም መመዝገቡ ብቻውን ንብረቱን የግል አያደርገውም (አንቀጽ 63)፤ «የግሌ ነው» ባዩ ያስረዳል። የግል ቤት ተሽጦ ሌላ ሲገዛም አዲሱ የግል እንዲባል ፍርድ ቤት መወሰን አለበት፤ ይህን በጊዜው የሚያስጨርስ ጥቂት ነው።

ዕዳ ቀድሞ ይከፈላል፤ የተረፈው እኩል ይካፈላል። ለማካፈል የማይመች ቤት ላይ ካልተስማሙ በሐራጅ ይሸጣል። ሌላው ወገን ቀድሞ ይሸጠዋል ብለው ከሰጉ፣ ዕግድ ይጠይቁ።