ርዝመታቸው ያልተመጣጠነ ድምፅና ምስልን በትእዛዝ መስመር ስለ ማስተካከል

ለብቻው የተቀረጸ ድምፅ ከምስሉ ጋር ሲጣመር የሁለቱ ርዝመት እኩል ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። ሁለት መሣሪያ በተለያየ ቅጽበት ተከፍቶ በተለያየ ቅጽበት ይዘጋልና አንዱ ከሌላው መርዘሙ አይቀርም። ብዙ ጀማሪ ኤዲተር ይህንን ሲያይ የረዘመውን ጫፍ ቆርጦ ሥራውን እንደጨረሰ ይቆጥራል፤ እኔም ለረጅም ጊዜ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ይሁን እንጂ የርዝመት ልዩነት ከሦስት ቦታ ሊመጣ ይችላል፦ አንዱ ቀድሞ በመከፈቱ ከመነሻው፣ አንዱ ዘግይቶ በመዘጋቱ ከመጨረሻው፣ ወይም የሁለቱ መሣሪያዎች ውስጣዊ ሰዓት እኩል ባለመሄዱ ከመሐሉ። ጫፍ መቁረጥ የሚፈታው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ችግሩ መነሻው ወይም መሐሉ ላይ እያለ ጫፉን ብንቆርጥ ድምፁና ምስሉ በቁጥር እኩል ይሆናሉ፤ ተናጋሪው ግን አፉን ከዘጋ በኋላም ሲናገር ይሰማል።

በምሳሌነት የምጠቀምበት ሥራ አራት ኪሎ፣ በአንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ቤት የቀረጽነው ቃለ መጠይቅ ነው። ምስሉን በሰከንድ 25 ፍሬም በሚያነሳ ካሜራ ወሰድን፤ ድምፁን ደግሞ ደረታቸው ላይ በሰካነው ማይክና ኪሳቸው ውስጥ በከተትነው ትንሽ መቅረጫ፣ በሰከንድ 48000 ናሙና፣ ማለትም ድምፁን በሰከንድ 48000 ጊዜ እየለካን ቀዳን። ካሜራው 3120 ሰከንድ፣ ማለትም 52 ደቂቃ ቀረጸ፤ መቅረጫው ግን 3152.60 ሰከንድ ሄዷል። የ32.60 ሰከንድ ልዩነት አለ ማለት ነው፤ ከየት እንደመጣ ግን ቁጥሩ ብቻውን አይናገርም።

ለሥራው የሚያስፈልገው ኤፍኤፍኤምፔግ ነው። በነጻ የሚገኝ፣ ከ2000 ጀምሮ ሲገነባ የኖረ የትእዛዝ መስመር መሣሪያ ሲሆን፣ ፋይል የሚመረምረው ኤፍኤፍፕሮብና የሚያጫውተው ኤፍኤፍፕሌይ አብረውት ይመጣሉ። ትእዛዞቹን እዚህ የምጽፋቸው አንዱ ባለሙያ ለሌላው በስልክ እንደሚያስጽፈው፣ በሚነበቡበት ድምፅ ነው፤ ተርሚናሉ (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት የኮምፒውተሩ መስኮት) ላይ ከፋይል ስም በቀር ሁሉም በላቲን ፊደል ይተየባል። የፋይል ስም በአማርኛ ቢሆን መሣሪያው አይቸገርም። የሚቸገረው በሥርዓተ ነጥብ ነው። የአማርኛው ኪቦርድ ሳይቀየር ከቀረ በኮሎን ፈንታ ሁለት ነጥብ፣ በኮማ ፈንታ ነጠላ ሰረዝ ይገባና ትእዛዙ ይከሽፋል፤ ዓይን ደግሞ ልዩነቱን በቀላሉ አይለየውም። አንድ ከሰዓት ሙሉ የፈጀብኝ ስሕተት በመጨረሻ አንዲት ሁለት ነጥብ ሆና ስለተገኘች ይህንን ከሁሉ አስቀድሜ እናገራለሁ።

የመጀመሪያው ሥራ መለካት ነው።

ኤፍኤፍፕሮብ -ቪ ኤረር -ሾው_ኤንትሪስ ስትሪም=ኮዴክ_ታይፕ,ስታርት_ታይም,ዱሬሽን -ኦፍ ሲኤስቪ ልብስ_ሰፊ.ኤምፒ4

ይህ ትእዛዝ በፋይሉ ውስጥ ያለውን ምስልና ድምፅ ለየብቻ ያወጣና የእያንዳንዱን መነሻ ጊዜና ርዝመት በአንድ በአንድ መስመር ያሳያል። የፋይል ማውጫው ላይ የምናየው የርዝመት ቁጥር ለዚህ ሥራ አይበቃም፤ አብዛኛውን ጊዜ የረዘመውን ብቻ ስለሚነግረን አጭሩን ይሸፍነዋል። መነሻ ጊዜውንም ማየት ያስፈልጋል፤ ዜሮ ካልሆነ አንዱ ዘግይቶ እንዲጀምር ተደርጎ ተቀምጧል ማለት ነውና ስሌታችን ውስጥ መግባት አለበት። ፋይሉ ኤምኬቪ የተባለው የቪዲዮ ፋይል ዓይነት ከሆነ በርዝመቱ ቦታ ቁጥር ሳይሆን «የለም» የሚል ምልክት ሊወጣ ይችላል፤ ይህ ብልሽት አይደለም፣ ኤምኬቪ የምስሉንና የድምፁን ርዝመት ለየብቻ የሚይዘው በሌላ ቦታ፣ ከመለያ ጽሑፎቹ ጋር ስለሆነ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ በምስሉም በድምፁም ውስጥ የሚገኝ አንድ ቅጽበት እንፈልጋለን። ሥርዓቱ ቀረጻ ሲጀመር ማጨብጨብ ነው፤ እኛ ረስተነዋል። ያዳነን ቡናው ነበር። የአዛውንቱ ባለቤት ቡና አፍልተው ስለነበር ካሜራው ከተከፈተ ከአራት ሰከንድ በኋላ የአቦሉን ሲኒ ረከቦቱ ላይ ሲያስቀምጡ «ቀጭ» የምትል አጭርና ጥርት ያለች ድምፅ ወጥታለች፤ ሲኒዋም በምስሉ ጥግ ትታያለች። ከሃምሳ ደቂቃ በላይ ቆይቶ ደግሞ የበረካው ሲኒ እንዲሁ ተመለሰ። ስለዚህ በመነሻው አንድ፣ በመጨረሻው አንድ ምልክት አገኘን ማለት ነው፤ ሁለት መሆናቸው ለምን እንደጠቀመን ከታች ይታያል።

ቅጽበቷን በጆሮ ከመፈለግ የድምፁን ሞገድ በሥዕል ማውጣት ይሻላል።

ኤፍኤፍኤምፔግ -ቲ 20 -አይ መቅረጫ.ዌቭ -ፊልተር_ኮምፕሌክስ ሾውዌቭስፒክ=ኤስ=2000ኤክስ300 -ፍሬምስ:ቪ 1 መነሻ.ፒኤንጂ

የመጀመሪያውን 20 ሰከንድ ወስዶ 2000 ፒክስል ስፋት ባለው ሥዕል ላይ ስለሚዘረጋው እያንዳንዱ ፒክስል 10 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ሥዕሉን ከፍተን ስናጎላው የሰው ንግግር እንደ ተራራ ሰንሰለት ቀስ ብሎ ከፍና ዝቅ ሲል፣ ሲኒዋ ግን እንደ መርፌ ብቻዋን ቆማ ትታያለች። በመቅረጫው ላይ መርፌዋ 1187ኛው ፒክስል ላይ ስለተገኘች ጊዜዋ 11.87 ሰከንድ ነው። በካሜራው ላይ በኤፍኤፍፕሌይ ከፍተን ኤስ የሚለውን ቁልፍ በመጫን ፍሬም በፍሬም ስንሄድ ሲኒዋ ረከቦቱን የምትነካው 4.32 ሰከንድ ላይ ነው። ልዩነቱ 7.55 ሰከንድ ሆነ፤ መቅረጫው ከካሜራው የቀደመው በዚህን ያህል ነው።

እዚህ ላይ ቆመን 7.55 ሰከንድ ከድምፁ ራስ ብንቆርጥ ቃለ መጠይቁ ሲጀመር ያለ እንከን ይገጥማል። የበረካውን ሲኒ ስንለካ ግን በካሜራው 3081.40፣ በመቅረጫው 3089.20 ሆኖ አገኘነው፤ ልዩነቱ 7.80 ነው። በሁለቱ ሲኒዎች መካከል ካሜራው 3077.08 ሰከንድ ሲቆጥር መቅረጫው 3077.33 ቆጥሯል። ሩብ ሰከንድ ተንሸራቷል ማለት ነው። በየመሣሪያው ውስጥ ጊዜ የምትቆጥረው ክሪስታል ከሌላው ጋር ፍጹም እኩል አትመታምና ቀረጻው በረዘመ ቁጥር ልዩነቱ ይጠራቀማል።

ሩብ ሰከንድ ትንሽ ይመስል ይሆናል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ቢቲ.1359 በተባለው ምክረ ሐሳቡ እንዳስቀመጠው ተመልካች ልዩነቱን መለየት የሚጀምረው ድምፁ ከምስሉ በ45 ሚሊሰከንድ ያህል ሲቀድም ወይም በ125 ሚሊሰከንድ ያህል ሲዘገይ ነው፤ ተቀባይነቱን የሚያጣው ደግሞ በ90 ሲቀድም ወይም በ185 ሲዘገይ ነው። መዘግየቱን ጆሯችን የበለጠ የሚታገሰው አያስገርምም፤ መብረቅ ታይቶ ነው ነጎድጓድ የሚሰማው። የእኛው 250 ሚሊሰከንድ ዘግይቷልና ከወሰኑ አልፏል።

መፍትሔው ድምፁን በጥቂቱ ማፋጠን ነው። 3077.33ን ለ3077.08 ስናካፍል 1.00008 ይመጣል፤ 48000ን በዚህ ስናባዛ 48004 ይጠጋል። ድምፁን በሰከንድ 48004 ናሙና እንዳለው አድርገን እናስነብበውና ወደ 48000 መልሰን እናስተካክለዋለን። የድምፁ ቅላፄ በጆሮ በማይለይ መጠን ከፍ ይላል። ማፋጠኑ ከዚህ የጎላ ቢሆን ኖሮ ቅላፄውን ሳይነካ ፍጥነቱን ብቻ የሚቀይረውን ኤቴምፖ የተባለ ማጣሪያ (ድምፅን ወይም ምስልን የሚቀይር የመሣሪያው ክፍል) እመርጥ ነበር።

አሁን ሦስቱም ሥራ በአንድ ትእዛዝ ይጠናቀቃል።

ኤፍኤፍኤምፔግ -አይ ልብስ_ሰፊ.ኤምፒ4 -ኤስኤስ 7.55 -አይ መቅረጫ.ዌቭ -ማፕ 0:ቪ:0 -ማፕ 1:ኤ:0 -ሲ:ቪ ኮፒ -ኤኤፍ ኤሴትሬት=48004,ኤሪሳምፕል=48000 -ሲ:ኤ ኤኤሲ -ቢ:ኤ 192ኬ -ቲ 3120 የተገጠመ.ኤምፒ4

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። አይ የሚነበበውን ፋይል፣ ኤስኤስ ደግሞ ንባቡ ከየትኛው ሰከንድ እንደሚጀመር ይናገራል። ኤስኤስ የሚለው ከሁለተኛው አይ በፊት ስለተቀመጠ የሚመለከተው የመቅረጫውን ፋይል ብቻ ነው፤ ከመጀመሪያው አይ በፊት ቢሆን ኖሮ ምስሉን ይቆርጥ ነበር። ሁለቱ ማፖች ምስሉን ከመጀመሪያው ፋይል፣ ድምፁን ከሁለተኛው እንዲወስድ ያዛሉ፤ መቁጠር የሚጀመረው ከዜሮ ነው። ምስሉ በኮፒ ስለሚያልፍ እንደገና አይጨመቅም፤ ጥራቱ አይነካም፣ ሥራውም ብዙ ጊዜ አይወስድም፤ መብራት በሚቆራረጥበት ቀን ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ቲ 3120 የመጨረሻው ጫፍ መቁረጫ ነው። ከሁሉም ማስተካከያ በኋላ ከድምፁ መጨረሻ የሚወገደው 24.79 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ አዛውንቱ ካሜራው መጥፋቱን አይተው ስለ አንድ ጎረቤታቸው የተናገሩት ነገር ነበርና፣ ይህ ቁርጥ የልክ ብቻ ሳይሆን የአደራም ጉዳይ ሆኖ ተሰምቶኛል።

ብዙዎች በቲ ፈንታ ሾርተስት የተባለውን አማራጭ ይጠቀማሉ፤ ትርጉሙ አጭሩ ሲያልቅ ሁሉም ይቁም ማለት ነው። ቁጥር ማስላት ስለማይጠይቅ ምቹ ነው፤ እኔ ግን ሁለት ምክንያት ይዤ እጠነቀቀዋለሁ። አንደኛ፣ የትኛው አጭር እንደሆነ ስለማይጠይቅ ድምፁ አጭር የሆነ ዕለት ምስሉን ያለ ማስጠንቀቂያ ይቆርጠዋል። ሁለተኛ፣ በኮፒ ሲሠራ መረጃው በጥቅል በጥቅል ስለሚተላለፍ ቁርጡ ሁልጊዜ እቅጩ ላይ አያርፍም፤ ትርፍ ጫፍ ሊቀር ይችላል። ርዝመቱን ለክቼ ካወቅሁ በኋላ ቁጥሩን ራሴ ብጽፈው እመርጣለሁ።

ከምስሉ ራስ መቁረጥ ካስፈለገ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። የተጨመቀ ምስል ሙሉ ሥዕል የሚይዘው በቁልፍ ፍሬሞቹ ላይ ብቻ ነው፤ በመካከል ያሉት ከጎረቤቶቻቸው የተለዩበትን ብቻ ይመዘግባሉ። ስለዚህ በኮፒ ስንቆርጥ ምስሉ ከጠየቅነው ቅጽበት ሳይሆን ከእሱ በፊት ካለው ቁልፍ ፍሬም ሊነሣ ይችላል። ኤክስ264 በተባለው የምስል መጭመቂያ ነባሪ አሠራር በሁለት ቁልፍ ፍሬሞች መካከል እስከ 250 ፍሬም ሊኖር ስለሚችል፣ በሰከንድ 25 ፍሬም ይህ እስከ 10 ሰከንድ ይደርሳል። በምሳሌያችን የቆረጥነው ከድምፁ ራስ በመሆኑ ከዚህ ድነናል። ምስሉን እቅጩ ላይ መቁረጥ የግድ ከሆነ ኮፒውን ትቶ እንደገና ማስጨመቅ ነው፤ አቋራጭ የለውም።

መቁረጥ የማይገባበትም ጊዜ አለ። የመቅረጫው ባትሪ አልቆ ድምፁ ቀድሞ ቢቆም፣ ምስሉ ግን እስከ መጨረሻው የሚፈለግ ከሆነ፣ ኤፓድ የተባለው ማጣሪያ ድምፁን በጸጥታ ያስረዝመዋል። መቆሚያ ካልሰጠነው ጸጥታው ማለቂያ ስለሌለው ቲን ከነቁጥሩ መጻፍ አይዘነጋም። ምስሉ ባጠረበት ጊዜ ደግሞ ቲፓድ፣ ስቶፕ_ሞድ ክሎን ተብሎ ሲታዘዝ፣ የመጨረሻውን ፍሬም አቁሞ ያቆየዋል፤ ማጣሪያ በኮፒ ስለማይሠራ ምስሉ እንደገና መጨመቁ አይቀርም።

በስልክ የተቀረጸ ምስል ከሆነ ከሁሉ በፊት የፍሬሙን ፍጥነት ቋሚ ማድረግ ይገባል። ስልኮች በብርሃኑና በጭነቱ መጠን ፍሬሞችን ያራርቃሉ፣ ያቀራርባሉ፤ በእንዲህ ያለ ፋይል ላይ ፍሬም እየቆጠሩ ጊዜ ማስላት ያሳስታል። በኤፍኤፍኤምፔግ 5.1ኛው እትምና ከዚያ በኋላ ባሉት ኤፍፒኤስ_ሞድ ሲኤፍአር የሚለው አማራጭ፣ ከሚፈለገው የፍሬም ቁጥር ጋር ሲሰጥ፣ ይህንን ያስተካክላል።

በመጨረሻ ውጤቱን በኤፍኤፍፕሮብ እንደገና እንለካዋለን። በድምፅና በምስል መካከል ጥቂት ሚሊሰከንድ ቢቀር መደናገጥ አያስፈልግም፤ ድምፁን የጨመቅንበት ኤኤሲ ድምፅን የሚያሽገው በ1024 ናሙና እየቆረሰ ስለሆነ የአንዱ ቁራሽ ርዝመት በ48000 ናሙና 21 ሚሊሰከንድ ገደማ ይሆናል፤ የምስሉ አንድ ፍሬም ደግሞ 40 ሚሊሰከንድ ነው። ከዚያም በኤፍኤፍፕሌይ ኤስኤስ 3075 ብለን ወደ መጨረሻው እንዘልና በረካው ሲመለስ እናያለን። የእኛው ፋይል ሲከፈት የወይዘሮዋ እጅ ወረደ፣ ሲኒዋ ረከቦቱን ነካች፣ «ቀጭ» የሚለውም ድምፅ እዚያው ላይ ተሰማ።