ሰርቨራችሁ ላይ ኤግዚም (ኢሜይል የሚያስተላልፈው ፕሮግራም) ካለ ይቺን ቀዳዳ ፈትሹ

አንድ ቀዳዳ «ሎካል ብቻ ነው»፣ ማለትም የሚጠቀምበት ሰርቨሩ ውስጥ ቀድሞ የገባ ሰው ብቻ ነው ሲባል ብዙ ሰው ችላ ይላል። እባካችሁ ችላ አትበሉ። ያንድ ደንበኛ ዌብሳይት ላይ ያለ አሮጌ ፕለጊን ከተሰበረ፣ የገባው ሰው ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ ሎካል ዩዘር ነው። ሩት (የሰርቨሩ ሙሉ ባለሥልጣን) ከሆነ ደግሞ እዚያ ሰርቨር ላይ ያለው ሳይት ሁሉ፣ ኢሜይሉም ባክአፑም ሳይቀር እጁ ገባ ማለት ነው።

ሲቪኢ-2016-1531 (ሲቪኢ የታወቁ ቀዳዳዎች የሚመዘገቡበት መለያ ቁጥር ነው) እንዲህ ዓይነት የኤግዚም ቀዳዳ ነው። ኤግዚም ፖርት 25ን ለመክፈትና ደብዳቤ በየሰዉ ሳጥን ለማስገባት ሲል ማንም ዩዘር ቢያስነሳው በሩት ሥልጣን ይነሳል። ኮንፊጉ ላይ «ፐርል ስታርትአፕ» የሚል መስመር ካለ፣ ያን ሥልጣን ገና ሳይለቅ ፐርል የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ይጭናል። ፐርል ደግሞ ኮዱን ከየት እንደሚያመጣ የሚያነበው ከኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል (ፕሮግራም ሲነሳ ከአስነሺው የሚቀበለው መረጃ) ነው፤ እሱን የሚሞላው ደግሞ ትዕዛዙን የሰጠው ተራ ዩዘር ነው። በቃ፣ የራሱን ኮድ በሩት ያስኬዳል።

መጀመሪያ ኤግዚም መኖሩን እዩ፤ ዴቢያን ላይ ማንም ሳያስበው ተጭኖ የኖረበት ሰርቨር ብዙ ነው። ከዚያ ኤግዚምን ሰረዝ፣ ትንሿን ቢና ትልቋን ቪ አስከትላችሁ አስነሱት። ቨርዥኑንና አብረውት የተሠሩትን ነገሮች ይዘረዝራል። ዝርዝሩ ውስጥ ፐርል ካለ፣ ኮንፊጉም ላይ ያ መስመር ካለ፣ ቨርዥኑም በፈረንጆቹ ማርች 2016 ከወጣው ጥገና በፊት የነበረ ከሆነ ተጋልጣችኋል። ጥገናው የወጣው በ4.86.2 ነው። ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ ግን አትፍረዱ፤ ዴቢያን ጥገናውን አሮጌው ቨርዥን ላይ ስለሚያስገባ የፓኬጁን ቼንጅሎግ (የለውጦች መዝገብ) ከፍታችሁ የሲቪኢውን ቁጥር ፈልጉ።

መፍትሔው አፕዴት ነው። 4.86.2 ላይ ግን አትቁሙ። ከ4.87 እስከ 4.91 ያሉት በ2019 የወጣው ሌላ ከባድ ቀዳዳ አለባቸው፣ በ2021 ደግሞ 21 ቀዳዳዎች አንድ ላይ ተገኝተው በ4.94.2 ተደፍነዋል፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው የወጣው ቨርዥን ድረስ ሂዱ።

ከአፕዴት በኋላ ኤግዚም ኢንቫይሮንመንቱን እያጸዳሁ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ሊያወጣ ይችላል። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። ማስጠንቀቂያው ስለሰለቸው ብቻ ኮንፊጉ ውስጥ «ኪፕ ኢንቫይሮንመንት» በሚለው መስመር ላይ ኮከብ የሚያስገባ ሰው አለ። ኮከብ ማለት ሁሉንም ቫሪያብል ሳታጸዳ እንዳለ አቆይ ማለት ነው፤ የተደፈነውን መልሶ መክፈት ነው። መስመሩን ጻፉና ከእኩል ምልክቱ በኋላ ባዶውን ተዉት፣ ማስጠንቀቂያው ይጠፋል።

ዛሬ አፕዴት ማድረግ ካልቻላችሁ፣ ኮንፊጉ ውስጥ ሌላ ቦታ ፐርል የሚጠራ ነገር አለመኖሩን አረጋግጡና የፐርል ስታርትአፑን መስመር አጥፉት።

ሰርቨሩ ለረጅም ጊዜ ተጋልጦ ከቆየ ዱካ ፈልጉ። በሩት ሥልጣን የሚነሱ የማታውቋቸው ፋይሎች አሉ? ሩት ጋር የማን እንደሆነ የማይታወቅ የኤስኤስኤች ቁልፍ ተቀምጧል? አንዱን እንኳ ካገኛችሁ ለማጽዳት አትድከሙ። ሰርቨሩን እንደ አዲስ ጫኑት፣ ፓስወርዶቹን በሙሉ ቀይሩ፣ ለደንበኞቻችሁም የዚያኑ ቀን ንገሯቸው።