የልጅ እግር ሲያጥር፣ ጭንቅላት ሲገዝፍ፦ ችግርና መፍትሄ

«የልጃችሁ ቅርጽ ልክ አይደለም» ከተባላችሁ መጀመሪያ ሜትር ፈልጉ። ዓይን ያታልላል፤ የጎረቤት ዓይን ደግሞ ይብሳል።

ጭንቅላቱ ትልቅ ነው

ጨቅላ ከሆነ ደንቡ ነው። ሲወለድ ጭንቅላቱ የቁመቱን ሩብ ይይዛል፤ አዋቂ ሲሆን አንድ ስምንተኛ ገደማ። የሚያሳስበው የጭንቅላቱ ዙሪያ በእድገት ካርዱ ላይ መስመሩን ጥሶ ወደ ላይ ሲወጣ ነው። እርግብግቢቱ ከተወጠረ ወይም ደጋግሞ ካስመለሰው በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዱት።

እግሩ አጭር ነው

ጫማውን አውልቃችሁ ግድግዳ አስደግፋችሁ አቁሙትና ቁመቱን ለኩ። ሴት ከሆነች ሹሩባው አናቷ ላይ እንዳይቆለል። ቀጥሎ ከእምብርቱ በታች ሆዱ አልቆ አጥንት የሚዳሰስበትን ጠርዝ ፈልጉና ከዚያ እስከ ወለሉ ለኩ፤ ይህ የታችኛው ክፍል ነው። ከቁመቱ ሲቀነስ የላይኛው ይገኛል። የላይኛውን ለታችኛው አካፍሉ፦ ሲወለድ 1.7 ገደማ፣ በ3 ዓመት 1.3፣ በ10 ዓመት አካባቢ 1 ይሆናል።

ቁመቱ 95 ሴንቲ ሜትር፣ የታችኛው 41 የሆነ የ3 ዓመት ልጅ 1.3 ስለሚመጣ ምንም አልሆነም። ይኸው 1.3 በ10 ዓመት ልጅ ላይ ከታየ ግን ምክንያት አለው። ቁመቱ ቆሞ፣ ሆዱ እየደረቀ፣ ብርድ አልችል ካለ ታይሮይዱ (አንገት ላይ ያለው እድገትን የሚቆጣጠር እጢ) ደክሞ ሊሆን ይችላል፤ በደም ምርመራ ይታወቃል፣ በየቀኑ በሚዋጥ ክኒን ይታከማል። ከትከሻ እስከ ክርን ያለው ክንዱ አጥሮ ግንባሩ ከወጣ የአጥንት እድገት ችግር ነውና ራጅ ያስፈልጋል። ይህኛው ወላጆቹ ረጃጅም ቢሆኑም ይመጣል፤ ወተት ስለጎደለው አይደለም፣ እናትየውን አትውቀሱ።

እግሩ ደጋን ሆነ

እስከ 2 ዓመት ጤነኛ ነው። በ3 እና በ4 ዓመት ተገልብጦ ጉልበቶቹ ይነካካሉ፣ እስከ 7 ዓመት ይቃናል። የእጁ አንጓ ካበጠ፣ ጥርሱና እርምጃው ከዘገየ ግን ሪኬትስ (በቫይታሚን ዲ እጥረት አጥንት የሚለሰልስበት በሽታ) ጠርጥሩ። ፀሐይ በሞላበት አገር ምች ይመታዋል ተብሎ ቤት ውስጥ ተጠቅልሎ የሚያድግ ሕፃን ቫይታሚን ዲ ያጥረዋል። መጠኑን ሐኪም ይዘዝ።

እጁና እግሩ ቀጫጭንና ረጃጅም ናቸው

ጎረምሳ ከሆነ እግሩ ከወገቡ ቀድሞ ያድጋል። እጆቹን ዘርግቶ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ሲለካ ከቁመቱ ከ5 በመቶ በላይ ካለፈ፣ በተለይ የዓይን ችግር ካለበት፣ ልብንም የሚነካ ችግር ሊሆን ስለሚችል የልብ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይታዘዝለት።

ቁመቱ ቀነሰ

ባለፈው ተኝቶ፣ አሁን ቆሞ ተለክቷል ማለት ነው። ልዩነቱ 0.7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ2 ዓመት በታች ያለውን አስተኝታችሁ ለኩ።