ለረጅም በረራ የኢኮኖሚ ክፍል ስታወዳድሩ አትሳሳቱ

«የትኛው አየር መንገድ ይሻላል?» ብሎ መጀመር ራሱ ስህተት ነው። 14 ሰዓት የምትቀመጡት ወንበር ላይ እንጂ ስም ላይ አይደለም። መጠየቅ ያለባችሁ በዚያ ቀን፣ በዚያ መስመር የትኛው አውሮፕላን እንደሚበር ነው። ኤምሬትስን ውሰዱ። በኤርባስ ኤ380 የኢኮኖሚው ወንበር ስፋት 18 ኢንች አካባቢ ነው፣ በቦይንግ 777 ግን ወደ 17 ይወርዳል። ስሙ አንድ፣ ምግቡ አንድ፣ እንቅልፉ ግን ለየቅል ነው። ሲንጋፖር አየር መንገድንም ሁሉም ያሞግሰዋል፤ ከሲንጋፖር ኒውዮርክ ሳያርፍ እንዲበር ተብሎ የተዘጋጀው ኤ350 ግን ተራ ኢኮኖሚ የሚባል ክፍል ጭራሽ የለውም፣ ያለው ቢዝነስና ፕሪሚየም ኢኮኖሚ ብቻ ነው። ያ በረራ ተመችቶት የመጣ ሰው የሚያወራላችሁ ስለ ሌላ ክፍል ነው ማለት ነው።

በአንድ ረድፍ ስንት ሰው እንደሚቀመጥ አለመቁጠር፦ ለእኔ ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። ለእግሩ ሁሉም ይጨነቃል፣ ትከሻውን የሚያስታውስ የለም። ቦይንግ 777 ሲጀምር በብዙ አየር መንገዶች በረድፍ 9 ወንበር ነበረው፣ ዛሬ በአብዛኞቹ 10 ሆኗል። የአውሮፕላኑ ወርድ ግን ያው ነው፤ ተጨማሪዋ ወንበር የገባችው ከእያንዳንዱ ተሳፋሪና ከመተላለፊያው ላይ እየተቀነሰ ነው። ቦይንግ 787ም ሲታሰብ በረድፍ 8 ወንበር ይይዛል ተብሎ ነበር፣ አሁን ግን 9 የማይደረድርበት ብርቅ ነው። ጃፓን ኤርላይንስ በዓለም አቀፍ በረራዎቹ ላይ 8ቱን፣ ማለትም 2-4-2ን (በሁለቱም መስኮት በኩል ሁለት ሁለት፣ መሃል አራት)፣ ይዞ ቀርቷል፣ ለዚህም ሊመሰገን ይገባል። ኤ350 ብዙውን ጊዜ 9 ነው፣ ስፋቱም 18 ኢንች ገደማ ይደርሳል፤ 10 ያደረጉበትም ስላሉ እነሱን ሽሹ። ሁለት ሆናችሁ የምትጓዙ ከሆነ ደግሞ ኤ330ን አትናቁ። አሮጌ ነው እየተባለ ይታለፋል፣ ግን አብዛኛው 2-4-2 ስለሆነ መስኮቱ ጋ የምትቀመጡት ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ፣ ሽንት ቤት ለመሄድ የማታውቁትን ሰው ከእንቅልፉ መቀስቀስ የለም።

ሌላው ስህተት በወንበርና በወንበር መካከል የሚነገረውን ርቀት የእግር ቦታ አድርጎ መውሰድ ነው። 31 ወይም 32 ኢንች የሚባለው ቁጥር የሚለካው ከአንዱ ወንበር ላይ ካለ ነጥብ ተነስቶ የፊተኛው ወንበር ተመሳሳይ ነጥብ ድረስ ነው። የጀርባው ውፍረት በውስጡ አለ። ስለዚህ ቀጭን ወንበር ያለው 31፣ ወፍራም ወንበር ካለው 32 የበለጠ ለጉልበት ሊመች ይችላል፤ ቀጭኑ ስፖንጅ ግን ስድስት ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ወገብ ላይ ይመጣል። ሁለቱንም አብራችሁ መዝኑ።

አገልግሎትን በምግብ ብቻ መመዘንም አያዋጣም። ከፍታ ላይ አየሩ ደረቅ ነው፣ ጫጫታም አለ፣ ምላስ ጣዕምን በደንብ አይለይም፤ የማንም ምግብ እላይ ሲበላ ይደበዝዛል። እኔ የማየው በሁለቱ ምግቦች መካከል ያለውን ረጅም ጨለማ ሰዓት ነው። ውሃ ይዞ የሚዞር አለ? መጥሪያውን ስትጫኑ ሰው ይመጣል? ከአሥር ሰዓት በኋላ ሽንት ቤቱ ምን ይመስላል? የተሳፋሪ አስተያየት ስታነቡ እነዚህን ፈልጉ፣ የትሪ ፎቶውን እለፉት። ድካምን በተመለከተም አውሮፕላኑ ራሱ ልዩነት ያመጣል። 787 እና ኤ350 ውስጥ ያለው የአየር ግፊት 6,000 ጫማ ከፍታ ላይ እንዳለው ያህል ሲሆን በቀድሞዎቹ አውሮፕላኖች እስከ 8,000 ጫማ ከፍታ ላይ እንዳለው ሊሳሳ ይችላል፣ ሰውነት ይሄን ያውቀዋል።

ዋጋ ላይ ደግሞ መጀመሪያ የምታዩትን ቁጥር አትመኑ። ርካሹ ቲኬት ብዙ ጊዜ ወንበር መምረጥ አይፈቅድም፣ አንዳንዴም ሻንጣ የለውም። ሁሉንም ደምራችሁ ከጎን ካለው ጋር አስተያዩ። ቲኬቱን የሸጠላችሁና የሚያበራችሁ አየር መንገድም አንድ ላይሆኑ ይችላሉ፣ «የሚበረው በ…» የምትለዋን ትንሽ ጽሑፍ ሳታነቡ አትክፈሉ።

ለአደጋ መውጫው ረድፍ ተጨማሪ ከመክፈላችሁ በፊትም አስቡበት። እግር ይዘረጋል፣ እውነት ነው። ግን ብዙ ጊዜ ጠረጴዛው የሚወጣው ከክንድ ማሳረፊያው ውስጥ ስለሆነ ማሳረፊያው አይነሳም፣ መቀመጫውም ይጠባል፤ ሲነሳና ሲያርፍ ቦርሳችሁን እግራችሁ ሥር ማስቀመጥ አይፈቀድም፤ ሽንት ቤቱ አጠገብ ከሆነ ደግሞ ወረፋው ፊታችሁ ይቆማል። ግድግዳው ፊት ለፊት ያለው ረድፍ የሕፃናት አልጋ የሚሰቀልበት ነው። የመጨረሻው ረድፍ ወንበር ብዙ ጊዜ ወደኋላ በደንብ አይለጠጥም።

ቲኬት ቆርጦ መርሳትም ይቅር። አየር መንገዶች አውሮፕላን ይቀይራሉ፣ ሲቀይሩም የመረጣችሁት ወንበር ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ከጉዞው ሳምንት በፊት፣ ከዚያም ከበረራው ቀን ቀደም ብላችሁ የአውሮፕላኑን ዓይነትና የወንበር ቁጥራችሁን አንድ በአንድ ተመልከቱ፤ ከፍላችሁበት የነበረ ወንበር ከተነጠቃችሁ ኤርፖርት እስክትደርሱ ሳትጠብቁ ደውሉና ወይ ተመሳሳዩን፣ ወይ ገንዘባችሁን ጠይቁ።